ጠፋ ያልነው ሁሉ አልጠፋም፦ ከብራና እስከ ሃርድ ዲስክ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አሁን ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ቡና ሲፈላ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ወረታ የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ የከፈተ አንድ የድሮ ተማሪዬ አለ። በቀደም ደወለና "ቲቸር፣ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በሱቁ በኩል ብቅ ይበሉ፤ የማሳይዎት ነገር አለ" አለኝ። ድምፁ ደስ አላለኝም። ሄድኩ።

ልጁ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በጨረታ ካሸነፈ ነጋዴ ላይ ሦስት ገዝቷል። ሲገዛ "ሁሉም ፎርማት ተደርገዋል፣ ባዶ ናቸው" ተብሏል። እውነትም ሲከፍታቸው ባዶ ናቸው። በመሀል አንዲት ደንበኛ የሠርግ ፎቶዎቿ ተሰርዘውባት "እባክህ መልስልኝ" ብላ መጣች። እሱ ደግሞ የተሰረዘ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ነክቶ አያውቅም። በሰው ንብረት ከምለማመድ ብሎ መጀመሪያ በገዛው ባዶ ዲስክ ላይ ሞከረው። ፕሮግራሙ በነጻ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው፤ ለማንም ክፍት ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባዶ የተባለው ዲስክ ፋይል ይዘረግፍ ጀመር። የተማሪዎች ሮስተር፣ የወላጆች ስልክ ቁጥር፣ የመታወቂያ ስካን፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ። ኮምፒውተሩ የአንድ ትምህርት ቤት ነበር። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። የአንድ ቤት ችግር አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ነው።

ከዚያ ውስጥ አንዲት ደብዳቤ ከፍቶ አሳየኝ። ስም አለባት። የራሱ ስም!

ስምንተኛ ክፍል እያለ የአንድ ልጅ ሞባይል ጠፍቶ በእሱ ተሳቦ ነበር። ሞባይሉ በሦስተኛው ቀን ከባለቤቱ ቤት፣ ከፍራሽ ሥር ተገኘ። ልጁም ይቅርታ ተጠየቀ። ይቅርታው ግን በአፍ ነው፤ ክሱ በጽሑፍ። ደብዳቤው "በስርቆት የተጠረጠረ" ይላል። "ነጻ ነው" የሚል ሌላ ወረቀት በዲስኩ ላይ የለም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መኖሩን ራሱ እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። እናላችሁ፣ ስሙ እንዲህ ተጽፎ ከመሥሪያ ቤት ወደ ጨረታ፣ ከጨረታ ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ ገዛ ሱቁ መጣ። ሌላ ሰው ገዝቶት ቢሆንስ?

"ቲቸር፣ ላጥፋው?" አለኝ።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ሰነድ ይጥፋ ሲባል ሆዴን ይቆርጠኛል። ወዲያው "አጥፋው" ማለት አቃተኝ። "ቆይ እስኪ" አልኩት። ያን ማታ ሳሰላስል ያመሸሁትን ነው ዛሬ የምነግራችሁ። (ልጁ አንብቦት ፈቅዷል፤ ስሙን ግን አልጠራም።)

ማጥፋት እኮ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ነገር አይደለም። መጻፍ ባለበት ሁሉ መፋቅ አለ። አባቶቻችን በብራና ሲጽፉ ቆዳው ወፍራም ነው፤ የፍየል፣ የበግ፣ የጥጃ። ጸሐፊው ሲሳሳት በስለት ቀስ አድርጎ ቀለሙን ይፍቅና በላዩ ያስተካክላል። ይህ ለስሕተት ነው። ሌላም መፋቅ ነበር። መጽሐፍ ሲሸጥ፣ ሲወረስ ወይም ሲዘረፍ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ባለቤት ስም ፍቆ የራሱን ያስጽፋል። ጸሎቱ ላይ "ለገብርህ እገሌ" የሚለው ቦታ ላይ እገሌ ይፋቅና ሌላ እገሌ ይገባል። የድሮ የብራና መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው ይህን ያውቃል፤ ስሙ ያለበት ቦታ ሻካራ ነው፣ የእጅ ጽሑፉም ከሌላው መስመር ይለያል።

የሚገርመው ግን ፍቁ ሁልጊዜ አይሳካም። ብራናው የብዕሩን ጫና ይይዛል፤ ቀለሙም እስከ ሥሩ አይለቅም። ተመራማሪዎች የተለያየ ዓይነት ብርሃን እያበሩበት ፎቶ ሲያነሡት የተፋቀው አንዳንዴ ይነበባል። በግብፅ ሲና ተራራ በቅድስት ካትሪና ገዳም ከ2011 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በተደረገ ሥራ ተፍቀው በላያቸው ሌላ የተጻፈባቸው ብራናዎች በዚህ መንገድ ተነበዋል። ከሥር ከተገኙት ቋንቋዎች አንዱ ግዕዝ ነበር። በመቶ ዓመታት ከሚቆጠር ጊዜ በፊት "ጠፋ" የተባለ ጽሑፍ!

ኮምፒውተርስ? ኮምፒውተር ከደብተራው የባሰ ሰነፍ ነው። ደብተራው ቢያንስ ይፍቃል።

ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የገባችሁ ታውቃላችሁ። ማኅደሮቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የትኛው ማኅደር የት እንዳለ የሚናገር መዝገብ አለ። አሁን አንድ ማኅደር አጥፉ ተባላችሁ እንበል። እናንተ መዝገቡ ላይ ስሙን ሰረዛችሁና "መደርደሪያው ላይ ያለው ቦታ ክፍት ነው፣ ሌላ ማኅደር ሲመጣ እዚያ ይግባ" ብላችሁ ወደ ቤት ሄዳችሁ። ማኅደሩ አለ! የሚጠፋው ሌላ ነገር መጥቶ ቦታውን ሲይዝ ብቻ ነው። ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ አምስት ዓመትም።

ሃርድ ዲስክ ላይ ዲሊት ማለት ይኸው ነው። ሪሳይክል ቢንን ባዶ ማድረግም ይኸው ነው። ፈጣኑ ፎርማት ደግሞ መዝገቡን በሙሉ ወርውሮ አዲስ ባዶ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ነው፤ መደርደሪያውን አይነካውም። ለምን እንዲህ ተሠራ ብትሉ፣ ለፍጥነት ነው። ሁሉን ነገር ከሥሩ መደምሰስ ጊዜ ይፈጃል።

በድሮው ዶስ ዘመን ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነበር። ፋይል ስትሰርዙ ማሽኑ ከፋይሉ ስም የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አንሥቶ በቦታዋ ምልክት ያደርጋል። በቃ። ፒተር ኖርተን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1982 የተሰረዘ የሚመልስ ፕሮግራም ሠርቶ ስሙ የተጠራው በዚህ ነው። በኋላ ማይክሮሶፍት ራሱ "አንዲሊት" የሚል ትእዛዝ በዶስ 5 ውስጥ ጨመረ። ትእዛዙን ስትሰጡት የፋይሉን ስም ያለ መጀመሪያ ፊደሉ ያሳያችሁና "የጎደለችውን ፊደል ጻፉልኝ" ይላል። አንዲት ፊደል ትሞላላችሁ፤ ፋይሉ ከሞት ይነሣል።

ዶስ 5 የወጣው መቼ መሰላችሁ? በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1983። የታሪክ ሰው ይህን ወር ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ልክ ከጥቂት ቀናት በፊት አዲስ አበባ ላይ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ሰነድ ሳይጠፋ ተገኝቶ ነበር።

ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ወጡ። ኢሕአዴግ ግንቦት 20 አዲስ አበባ ገባ። በመሀሉ ያለው አንድ ሳምንት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የገዛ መንግሥት ወረቀት በአንድ ሳምንት አይጠፋም። ደርግ ደግሞ ወረቀት ይወድ ነበር። ስብሰባው በቃለ ጉባኤ፣ እስሩ በዝርዝር፣ ግድያው በደብዳቤ። ግድያ ተብሎ አይጻፍም፤ "አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶባቸዋል" ነው የሚባለው። ከሥሩ ግን ስም፣ ማዕረግ፣ ፊርማ፣ ማኅተም።

ከማኅተሙ ሥር ደግሞ ሁላችንም የምናውቃት ቃል አለች፦ ግልባጭ። "ግልባጭ ለእገሌ መምሪያ፣ ግልባጭ ለእገሌ ጽሕፈት ቤት።" የኢትዮጵያ ቢሮክራሲ አንድ ደብዳቤ ጽፎ አንድ ቦታ አያስቀምጥም። አንዱ ቢሮ የራሱን ቢያቃጥል ሌላው ቢሮ ግልባጩን ይዞ ይገኛል።

በ1984 ነሐሴ በአዋጅ ቁጥር 22 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ከየመሥሪያ ቤቱ የተሰበሰበው ሰነድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገጽ ነበር። የባለሥልጣናቱ ክስ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 መሰማት ጀመረ፤ የጥፋተኝነት ፍርዱ የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ብዙ ምስክር ተሰምቷል፤ ነገር ግን ምስክር ያረጃል፣ ይፈራል፣ ይሞታል። ፊርማ አያረጅም።

የንጉሡን ነገር ደግሞ አስታውሱ። በነሐሴ 1967 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሕመም ዐረፉ ተብሎ ተነገረ። መቃብር የለም፣ ቀብር የለም። መዝገቡ ተሰረዘ ማለት ነው። በ1984 ዐፅማቸው እዚያው ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከወለል ሥር ተገኘ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በወጉ ተቀበሩ። ወለሉ ተለስኖበት ነበር እንጂ ሥር ያለው አልጠፋም።

"ይህ የአዲስ አበባ ነገር ነው" የምትሉ ካላችሁ ወደ እኛ ልምጣ። ያን ጊዜ ፎገራም ወረታም በጎንደር ክፍለ ሀገር ሥር ናቸው፤ አስተዳዳሪው ሻለቃ መላኩ ተፈራ ነበሩ። ቤተሰብ ያላችሁ ስሙ ሲጠራ እናቶች እንዴት ዝም እንደሚሉ ታውቃላችሁ። እሳቸውም ፍርድ ቤት ቀርበው ተፈርዶባቸዋል። ከዓባይ ማዶ ጎጃም ደግሞ የደርግ ተወካይ የነበሩት እሸቱ ዓለሙ ናቸው። እሳቸው ሆላንድ ገብተው ዜግነት አግኝተው ለብዙ ዓመት ኖሩ። በ1970 ዓ.ም. ክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ የተገደሉ 75 እስረኞች ጉዳይ ግን ሄግ ድረስ ተከተላቸው። "እኔ አላዘዝኩም" ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ ፊት ከቀረበው ዋነኛ ማስረጃ አንዱ ምን ነበር? የስም ዝርዝርና ፊርማቸው ያለበት ደብዳቤ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ይግባኙም አላዳናቸውም። እነዚያ ወረቀቶች አንድ ቀን በአንድ ምድጃ ቢገቡ ኖሮ የ75ቱ ልጆች እናቶች ምን ይዘው ይከሱ ነበር?

የደርግን የደኅንነት ሰዎች ያሠለጠነው የምሥራቅ ጀርመኑ ሽታዚ ግን ለማጥፋት ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ሠራተኞቹ ፋይል መቅደድ ጀመሩ። መቅደጃ ማሽኖቹ አልበቃ ሲሉ በእጅ ቀደዱ። ጥር 15 ቀን 1990 ሕዝቡ ዋናው መሥሪያ ቤት ሰብሮ ሲገባ ቁርጥራጩ በጆንያ ታጭቆ ተገኘ፤ 16,000 ያህል ጆንያ። ጀርመኖች ምን አደረጉ? ተቀምጠው ገጣጠሙት። ከ1995 ጀምሮ ቁራጭ በቁራጭ፣ በእጅ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጽ መልሰዋል። ሰው "ማን ሰለለኝ?" ብሎ ጠይቆ መልስ አገኘ።

አሜሪካም አላመለጠችም። እ.ኤ.አ. በ1986 ኦሊቨር ኖርዝ የሚባል የኋይት ሀውስ መኮንን በድብቅ ለኢራን ስለተሸጠ መሣሪያ የተጻጻፋቸውን መልእክቶች ከኮምፒውተሩ ሰረዘ። የጠፉ መስሎታል። ኋይት ሀውስ ግን የኮምፒውተሩን መረጃ በየጊዜው በቴፕ ገልብጦ ያስቀምጥ ነበር። መርማሪዎች ቴፑን ከፍተው አነበቡት። ምን አዳነው እውነቱን? ግልባጭ! ቃሏ እኛም ጋ እነሱም ጋ አንድ ናት።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው "እንግዲያው አለመጥፋቱ ጥሩ ነው፤ ልጁም ዲስኩን ይተወው" ሊል ይችላል። እኔም ያን ማታ መጀመሪያ እንዲያ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ የልጁ ፊት ትዝ አለኝ።

እስኪ ልዩነቱን እዩት። በደርግ ደብዳቤ ላይ ሁለት ዓይነት ስም አለ። አንዱ ከላይ በዝርዝር ያለው፣ ምንም ማድረግ የማይችለው ሰው ስም። ሌላው ከታች የፈረመው፣ ሥልጣን ያለው ሰው ስም። እንዳይጠፋ የተመኘነው ለላዩ ሲባል የታቹ እንዲጠየቅ ነው። በተማሪዬ ደብዳቤ ላይ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ያ ሰነድ ማንንም ባለሥልጣን አያስጠይቅም። አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያልሠራውን ይዞ እንዲዞር ብቻ ያደርጋል። ግማሽ እውነት ነው፤ ክሱ አለ፣ ይቅርታው የለም።

ይህ ደግሞ የወረታ ጉድ ብቻ አይደለም። ሲምሰን ጋርፊንከልና አቢ ሼላት የሚባሉ ሁለት የኤምአይቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2002 ድረስ ያገለገሉ 158 ሃርድ ዲስኮች ገዙ። ከሚሠሩት 129 ውስጥ በትክክል ተደምስሰው የተገኙት 12 ብቻ ነበሩ። በቀሩት ውስጥ የሕክምና ጉዳይ፣ የፍቅር ደብዳቤ፣ በሺዎች የሚቆጠር የባንክ ካርድ ቁጥር ተገኘ። አንዱ ዲስክማ ከገንዘብ ማውጫ ማሽን የወጣ ነበር። የሸጡት ሰዎች ሞኝ አልነበሩም። ብዙዎቹ ፎርማት አድርገዋል። ፎርማት ማጥፋት መስሏቸው ነው።

ታሪኩን ጠቅለል ሳደርገው ያገኘሁት ይህን ነው። ኃይለኛ የራሱን ጥፋት ሊያጠፋ ሲደክም አይሳካለትም፤ ይህ የእግዜር ቸርነት ነው። እኛ ተራ ሰዎች ደግሞ የደካማውን ገመና ማጥፋት ሲገባን ሳናጠፋ በጨረታ እንሸጠዋለን። ሁለቱም የሚመጣው ከአንድ ነገር ነው፦ ማጥፋት ሥራ ነው፤ በራሱ አይሆንም። ስለዚህ ምን እንደሚቀመጥና ምን እንደሚጠፋ ቀድሞ መለየት የኛ ፋንታ ነው። የወሰነ ሰው ፊርማ ይቀመጥ። የተወሰነበት ልጅ ገመና ጊዜው ሲያልፍ ይጥፋ።

ሕጉም ወደዚሁ ያዘነብላል። የመንግሥት መዛግብትን ዝም ብሎ ማቃጠል እንደማይቻል የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 አለ። በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ ሰው ስለራሱ የተያዘ መረጃ እንዲታረም ወይም እንዲደመሰስ የመጠየቅ መብት አለው። አንዱ "አታጥፋ"፣ ሌላው "አጥፋ" ይላል። አይጣሉም፤ የሚናገሩት ስለተለያየ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ብዙዎቻችሁ በየቢሮው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጣችሁ ናችሁ፤ ይጠቅማችኋል። የምላችሁን ሁሉ ከልጁ ጋር ሠርተን ያየነው ወይም በደንብ የታወቀ ነገር ነው።

መጀመሪያ መለየት። ዲስኩ ላይ ያለውን ከባለቤቱ ጋር ሆናችሁ እዩ። መቀመጥ ያለበት በሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ይህ ሳይሆን ምንም አትንኩ።

ቀጥሎ ግልባጩን አስቡ። ከኮምፒውተሩ ብታጠፉት ፍላሽ ላይ አለ ወይ? ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተልኳል ወይ? ኢሜል ላይስ? ኦሊቨር ኖርዝን አትርሱ።

ከዚያ ማጥፋቱ። በአሮጌው፣ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ የሚሠራው መላ በላዩ ላይ መጻፍ ነው። መደርደሪያውን በሙሉ በባዶ ወረቀት መሙላት በሉት። ለዚህ የሚሸጥ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ያ ጥቁሩ መስኮት፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት። እዚያ "ዲስክፓርት" የሚል መሣሪያ አለ። በውስጡ ሁለት የሚመሳሰሉ ትእዛዞች አሉ፦ "ክሊን" እና "ክሊን ኦል"። የመጀመሪያው በሰከንድ ያልቃል፤ ምክንያቱም መዝገቡን ብቻ ነው የሚጥለው። ሁለተኛው ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜሮ ይሞላል። የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው። ለ500 ጊጋ ዲስክ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በእኛ አገር መብራት ደግሞ መሀል ላይ ቢጠፋ ከሀ መጀመር ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ጥቁሩ መስኮት "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ አይለምናችሁም። ዲስኮቹን በቁጥር ነው የሚጠራቸው፤ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት። ቁጥሩን ከተሳሳታችሁ የራሳችሁ ኮምፒውተር ነው ባዶ የሚሆነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዝርዝሩን አስወጡ፣ በመጠኑ ለዩት፣ አጠገባችሁ ያለ ሰው ደግሞ እንዲያይ አድርጉ። ለሁለት መሥራት ይሻላል።

ኮምፒውተሩን እየተጠቀማችሁበት የተሰረዙትን ፋይሎች ብቻ ከሥራቸው ማጥፋት ከፈለጋችሁ "ሳይፈር" የሚባለው ትእዛዝ አለ። ከ"ደብሊው" ምልክት ጋር ሲሰጥ ያሉትን ፋይሎች ሳይነካ ክፍቱን ቦታ ሦስት ጊዜ ይጽፍበታል። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደግሞ "ሽሬድ" አላችሁ፤ ስሙ ራሱ መቦጫጨቅ ነው።

"ሠላሳ አምስት ጊዜ መጻፍ አለበት" የሚል ትሰሙ ይሆናል። ይህ የመጣው ፒተር ጉትማን የሚባል የኒውዚላንድ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1996 ከጻፈው ነው። ያኔ የነበሩትን የዲስክ ዓይነቶች ሁሉ ለማዳረስ ያወጣው ዝርዝር ነበር። ራሱም በኋላ ሁሉንም በአንድ ዲስክ ላይ ማድረግ ትርጉም የለውም ብሏል። ለዛሬ ሃርድ ዲስክ በደንብ የተደረገ አንድ ዙር ይበቃል፤ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋምም የሚለው ይህንኑ ነው።

ኤስኤስዲና ፍላሽ ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው። እነሱ ላይ "እዚህ ጻፍ" ስትሉት እሱ በራሱ ውሳኔ ሌላ ቦታ ይጽፋል፤ ቶሎ እንዳያረጅ ነው። ስለዚህ በላዩ የጻፋችሁ መስሏችሁ አሮጌው ከጎን ተቀምጦ ሊቀር ይችላል። ለኤስኤስዲ የአምራቹን የራሱን መደምሰሻ ተጠቀሙ። የሚሻለው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በይለፍ ቃል መመስጠር ነው፤ ቁልፉ ከጠፋ የቀረው የማይነበብ ነው። ስልክም እንዲሁ። አዳዲሶቹ ራሳቸው መስጥረው ነው የሚይዙት፤ ከመሸጣችሁ በፊት አካውንታችሁን አውጡና ፋብሪካ ሪሴት አድርጉ። ሚሞሪ ካርዱን ግን አውጡት። እሱን አትሽጡት።

የተበላሸ፣ የማይነሣ ዲስክስ? ስለማይነሣ ባዶ ነው አትበሉ። የሚያነሣው ሰው አለ። ፈታችሁ ሳህኑን በመዶሻ ስበሩት። አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ሲያልቅ ፈትኑት። ያንን መልሶ የሚያመጣውን ነጻ ፕሮግራም አስነሡና ፈልግ በሉት። ምንም ካላገኘ ሥራው ተሠርቷል።

የመጨረሻዋ ደግሞ ለእኔ ትልቋ ናት። ጻፉት። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ዲስክ፣ በምን ምክንያት፣ በማን ፈቃድ አጠፋ። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ይፈረም። ሰነድ ማጥፋት ራሱ ሰነድ ይፈልጋል። በድብቅ የሚያጠፋና በወግ የሚያጠፋ ሰው የሚለዩት በዚህች አንዲት ገጽ ነው።

እኛ ምን አደረግን? በነጋታው ለትምህርት ቤቱ ደወልን። አልተቆጡም፤ ደነገጡ። አንድ ሰው ላኩ። ከልጁ ጋር ሆነው ለይተው የግዢና የስብሰባ ውሳኔዎቹን ወሰዱ፤ የወሰኑ ሰዎች ፊርማ ያለባቸውን። የተማሪዎቹ ሮስተርም ቢሯቸው በወረቀት እንዳለ አረጋገጡ። የሁለቱን ሌሎች ኮምፒውተሮች ዲስክም አመጣን። ሁለቱም ላይ ፋይል ነበር።

የልጁ ደብዳቤ ላይ ሲደርሱ ሰውየው ዝም አለ። ከዚያ "ይህን ብትፈልግ ነጻ መሆንህን የሚገልጽ ደብዳቤ እናያይዝበታለን፤ ካልፈለግህ ይጥፋ፤ ምርጫው ያንተ ነው" አለው። ሕጉም ይህንኑ ነው የሚለው።

ልጁ ትንሽ አሰበ። "ደብዳቤውን በወረቀት ስጡኝ፤ ለእናቴ አሳያታለሁ። እሱን ግን ይጥፋ" አለ። እናቱ ለካ ያኔ በአፍ የተባለውን ይቅርታ አልሰሙም ኖሯል። ክሱን ግን ሰምተው ነበር።

ጥቁሩን መስኮት ከፈተ። የዲስኩን ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበ፤ እኔም አየሁ፣ ሰውየውም አየ። ትእዛዙን ራሱ ጻፈና እንተር ተጫነ። ቡና ታዘዘ። መብራቱም እግዜር ይስጠውና አልጠፋም። ሲያልቅ ቃለ ጉባኤዋን ሦስታችን ፈረምን።

ከሥሯም "ግልባጭ ለትምህርት ቤቱ" ብለን ጻፍንባት።

እንግዲህ እናንተም በየቢሯችሁ፣ በየቤታችሁ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ከመሸጣችሁ በፊት አንዴ አስቡ። ፎርማት አድርጌዋለሁ ብላችሁ እንዳትተኙ። መዝገብ ቤት ለሚሠራ ሰው ይድረሰው፤ ሼር አድርጉለት። የቸገራችሁ ካለ ኮሜንት ላይ ጠይቁ፤ እኔ ባላውቅ ልጁ ያውቃል።

ቸር ሰንብቱ።